ሲሊንደሩን ሳይሆን ጎማውን ፍሩ

አዲስ አበባ ውስጥ ቤት ሊከራይ የሄደ ሰው ከዋጋው ቀጥሎ ከሚነገሩት ነገሮች አንዱ «ሲሊንደር አይገባም» የሚል ነው። ከሰል ማንደድ ይፈቀዳል። በአንዲት ማከፋፈያ ላይ ምጣድና ስቶቭ ደራርቦ ሶኬቱ እስኪቀልጥ ማብሰልም ይቻላል። ሲሊንደር ግን ክልክል ነው፤ ምክንያቱም «ቦምብ ነው»። ይህን የሚሉት አከራዮች ብቻ አይደሉም። እናት ለልጇ፣ ጎረቤት ለጎረቤት ይነግራል። እሳት በተነሣ ማግስትም «ሲሊንደር ፈነዳ» ይባልና ነገሩ እዚያው ይዘጋል፤ ለምን ፈነዳ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ቦምብ ከመፈንዳት ሌላ ምን ሥራ አለው?

ይህ አስተሳሰብ ስሕተት ነው። ስሕተት ሆኖ ብቻ ቢቀር መከራከርም ባላስፈለገ፤ ነገር ግን ሰው የሚገድል ስሕተት ነው። ፍርሃታችንን በሙሉ ብረቱ ላይ አድርገን፣ በእርግጥ የሚገድለንን ነገር ማለትም ጎማውን፣ ጎሚኒውን፣ የጓሮ አሞላሉንና ለቆራሌ የምንሸጠውን አሮጌ ዕቃ ችላ እንድንል አድርጎናል።

የተቃራኒዎቼ ክርክር ግን ባዶ አይደለም፤ በሚገባው ክብር ልናገረው። ጋዝ በዓይን አይታይም። ከሰል ሲቀጣጠል ይታያል፣ ይሞቃል፣ ልጅም አይቶ ይሸሻል፤ ጋዝ ግን በዝምታ ወጥቶ በአንድ ቅጽበት ያቃጥላል። ቤቶቻችንም ጠባብ ናቸው። ማድ ቤቱ፣ መኝታውና እንግዳ መቀበያው አንድ ክፍል የሆነበት ቤተሰብ ብዙ ነው። ግድግዳው ከጎረቤት ጋር የጋራ ስለሆነ የአንዱ ቸልተኝነት ለሌላው ቤት ይተርፋል። የእሳት አደጋ መኪና የማያስገቡ መንገዶች ያሏቸው ሰፈሮች አሉ። ጋዙን የሚሸጠው ሰው ደግሞ ገንዘቡን ተቀብሎ ዕቃውን ከማስረከብ በቀር ስለ አጠቃቀሙ ትንፍሽ አይልም። እንግዲህ የማላውቀውን ነገር ከልጆቼ ጋር አላሳድርም ያለች እናት ምን አጠፋች?

ምንም አላጠፋችም። ያነሣችው ሁሉ እውነት ነው። የምቃወመው ከዚህ እውነት የተወሰደውን መደምደሚያ ነው።

የሚፈነዳው ምንድን ነው? በሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ፕሮፔንና ቡቴን የሚባሉ ጋዞች በግፊት ፈሳሽ ሆነው ነው። በውስጡ አየር የለም፤ አየር በሌለበት ደግሞ እሳት የለም። ጋዙ ከወጣ በኋላም ቢሆን የሚቀጣጠለው ከአየር ጋር በልክ ሲቀላቀል ብቻ ነው፤ ከአየሩ ከመቶ 2 እጅ ያህል ሲደርስ ይቀጣጠላል፣ ከ10 እጅ ገደማ ሲያልፍ አየሩ ያንሰውና አይቀጣጠልም። ስለዚህ «ሲሊንደር ፈነዳ» የምንለው አብዛኛውን ጊዜ የክፍል ፍንዳታ ነው። በሩና መስኮቱ ተዘግቶ፣ ጋዙ ሲፈስ ቆይቶ፣ ከአየር ጋር ልኩን ሲያገኝና ብልጭታ ሲነካው ክፍሉ ራሱ ይፈነዳል። ጣሪያው ተነሥቶ ግድግዳው ወድቆ ሳለ ሲሊንደሩ ብዙ ጊዜ ሳይቀደድ የሚገኘው ለዚህ ነው።

ለዚህ የሚያስፈልገው ጋዝ ምን ያህል ነው? ወርዱም ርዝመቱም 3 ሜትር፣ ቁመቱ 2 ሜትር ከ70 የሆነ ክፍል እንውሰድ፤ ብዙ ሰው የሚኖርበት ዓይነት ነው። በአዲስ አበባ ከፍታ፣ አየሩ በሳሳበት፣ ይህን ክፍል ወደ አደገኛው ልክ ለማድረስ አንድ ኪሎ እንኳ የማይሞላ ጋዝ ይበቃል። ከ12 ኪሎ ተኩሉ ሲሊንደር ይህ ኢምንት ነው። በዚያ ላይ ጋዙ ከአየር ይከብዳል፤ ፕሮፔን አንድ ጊዜ ተኩል፣ ቡቴን ሁለት ጊዜ ያህል። ወደ ጣሪያ አይወጣም፤ ወለሉን ይዞ፣ ከአልጋ ሥር ገብቶ፣ በበር ሥር ሾልኮ ይተኛል። ወለል ላይ ታዲያ ምን አለ? ረከቦቱ አለ። ፍም የያዘው የቡና ማንደጃ አለ። ዕጣን የሚጤስበት ማጨሻ አለ። የምንወደውና የምንኮራበት የቡና ሥርዓታችን እሳቱን የሚያስቀምጠው ልክ ጋዙ በሚተኛበት ከፍታ ላይ ነው። ሲሊንደር ባለበት ክፍል ውስጥ ቡና አይፈላ የሚል አከራይ እስካሁን አላጋጠመኝም፤ ትክክለኛው ክልከላ ግን እሱ ነበር።

ጋዙ ከየት ነው የሚፈስሰው? ሦስት ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ካለው ብረት ውስጥ አይደለም። የሚፈስሰው ከቫልቩና ከሬጉሌተሩ መጋጠሚያ፣ ከውስጧ ካለችው ትንሽ ጎሚኒ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ከጎማው ነው። ሲሊንደሩን በሺዎች ብር የገዛ ሰው ጎማው ላይ ሲደርስ እጁ ይታሰራል። ለጋዝ የተሠራ ወፍራም ጎማ ትቶ ለአትክልት ማጠጫ የሚሆን የውሃ ጎማ ይቀጥላል፤ በብረት ቀለበት ማጥበቅ ሲገባው በሽቦ ይጠመጥማል፤ ወይም ያለ ምንም ማሰሪያ ገፍቶ ይሰካዋል። ፕሮፔንና ቡቴን ለጋዝ ያልተሠራን ፕላስቲክ እያደረቁ ይሰነጥቁታል። አይጥ ይበላዋል፣ ትኩስ ድስት ይነካዋል፣ ልጅ ይረግጠዋል። የጋዝ ጎማ የተሠራበት ዘመን በላዩ ይጻፋል፤ ብዙ አገሮች በአምስት ዓመት እንዲቀየር ይመክራሉ። እኛ ቤት ግን እስኪቆረጥ ያገለግላል። በቤቱ ውስጥ ካለው ነገር ሁሉ ርካሹ የሞትና የሕይወት ድንበር ሆኖ ሳለ፣ ጣታችንን የምንቀስረው ወደ ብረቱ ነው።

የአከራዮቹ ክልከላ ደግሞ አደጋውን ሲቀንስ አላየሁም። ያባብሰዋል። መብራት በየጊዜው በሚጠፋበት፣ ከሰል በተወደደበት ከተማ ተከራይ ምን ያድርግ? ሲሊንደሩን ደብቆ ያስገባል። አልጋ ሥር፣ ቁም ሣጥን ውስጥ፣ መጋረጃ ኋላ ያስቀምጠዋል። ሽታው እንዳይወጣበት መስኮቱን ዘግቶ ያበስላል። አከራዩ ሲመጣ ትኩሱን ምድጃ በፍጥነት ይጠቀልላል፤ ጎማው ይታጠፋል፣ ሬጉሌተሩ ይጎተታል። ሲሊንደሩን ጋደም አድርጎ የሚሸሽግም አለ። ሲሊንደር ሲጋደም ደግሞ በጋዙ ፈንታ ፈሳሹ ወደ ሬጉሌተሩ ይደርሳል፤ ያ ፈሳሽ ወደ ጋዝ ሲለወጥ ከ200 እጥፍ በላይ ይሰፋል። መተንፈሻ ያለው ቦታ የሚያስፈልገውን ዕቃ በክልከላ ወደ ታፈነ ቦታ ነዳነው። ሕይወት ማዳን የፈለገ አከራይ ግድግዳው ላይ ጎማ የምታሳልፍ ቀዳዳ በስቶ ሲሊንደሩን ጥላ ባለው ደጅ፣ ቀጥ ብሎ፣ ሰንሰለት ታስሮለት እንዲቆም ባደረገ ነበር። ወጪው የአንድ ቀን የግንበኛ ሥራ ነው።

«ከሰል ይሻላል፤ ቢያንስ ያስጠነቅቃል» ይላሉ። እዚህ ላይ ረጋ ብዬ መናገር ይከብደኛል፤ በዚህ እምነት ስንት ቤተሰብ አልቋል። ከሰል አያስጠነቅቅም። የሚያስጠነቅቀው ጭሱ ነው፤ የሚገድለው ግን ጭሱ አይደለም። ከሰሉ በደንብ ቀልቶ፣ ጭሱ ጠፍቶ፣ «አሁን ጥሩ ሆኗል፣ ወደ ውስጥ አስገቡት» ሲባል ነው ካርቦን ሞኖክሳይድ ክፍሉን የሚሞላው። ይህ ጋዝ ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም፣ አያስልም፣ ዓይን አያስለቅስም። በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በበለጠ ኃይል ይይዘዋል። ሰውየው ራሱን ያመዋል፣ ድካም ይሰማዋል፣ ይተኛል። በሐምሌና በነሐሴ ብርድ ማንደጃ ይዘው በር ዘግተው ተኝተው ሳይነሡ ስለቀሩ ሰዎች ያልሰማ የከተማችን ነዋሪ ማን ነው? የሲሊንደር ጋዝ ግን በተፈጥሮው ሽታ የሌለው ሆኖ ሳለ፣ ሰው እንዲያውቀው ተብሎ መርካፕታን የሚባል ክፉ ሽታ ያለው ንጥረ ነገር ይጨመርበታል። ከሁለቱ የሚያስጠነቅቀው እንግዲህ የትኛው ነው?

ድንገተኛውን ሞት እንኳ እንተወውና ቀስ ብሎ የሚገድለውን እንይ። የዓለም ጤና ድርጅት በእንጨት፣ በከሰል፣ በኩበትና በነጭ ጋዝ ከማብሰል የሚመጣው የቤት ውስጥ አየር ብክለት በ2020 እ.ኤ.አ. ብቻ 3.2 ሚሊዮን ሰው እንደገደለ ይገምታል። ይህ ቁጥር በዜና «ፈነዳ» ተብሎ አይነገርም፤ በሳል፣ በሳምባ ምችና በልብ ሕመም ተበታትኖ ነው የሚቀበረው። እናቶቻችን ማድ ቤት ውስጥ ያረጀ ሳላቸውን ዕድሜ ነው እያሉ ይሸከሙታል። በዓመት አንድ ጊዜ ስለሚሰማ ፍንዳታ ስንጮህ፣ በየቀኑ ስለሚሆነው ሞት ድምፃችን አይሰማም።

የጋዝ ምድጃም ከመርዝ ፍጹም ነፃ አይደለም። ነበልባሉ ሰማያዊ መሆን አለበት። ቢጫ ሆኖ የድስቱን ቂጥ ካጠቆረ ጋዙ በደንብ እየነደደ አይደለም፤ ምድጃው መጽዳት፣ መስኮቱም መከፈት ይፈልጋል። ይህን ማወቅ ግን የአንድ ደቂቃ ትምህርት ነው። ከሰልን በተዘጋ ክፍል ውስጥ ደኅና የሚያደርግ ትምህርት የለም።

ሽታው ይነግረናል ብሎ መዘናጋትም ሌላው ወጥመድ ነው። ሽታ ለነቃና ለጤነኛ አፍንጫ ነው የተደረገው። ጉንፋን የያዘው አይሰማውም፤ የተኛ ሰው ላይነቃ ይችላል፤ ለረጅም ጊዜ የሸተተውም አፍንጫው ይለምደውና «ጠፋ» ብሎ ይተወዋል። የሸተተው ሰው ደግሞ ምን እንደሚያደርግ ካላወቀ ሽታው ምን ይጠቅመዋል? ከየት እንደሚፈስ ለማየት ክብሪት የሚጭር ሰው አለ። መብራት የሚያበራ አለ፤ ማብሪያውም፣ የምጣዱ ሶኬት ሲነቀልም፣ ፍሪጁ በራሱ ሲነሣም ብልጭ ይላል። ማድረግ የሚገባው እንዲህ ነው፦ ቫልቩን መዝጋት፣ እሳት ካለ ማጥፋት፣ በርና መስኮት መክፈት፣ ምንም ማብሪያ አለመንካት፣ ሰዉን ሁሉ ይዞ መውጣት፣ ከቤቱ ከራቁ በኋላ 939 መደወል። ፍሳሹን መፈለግ የፈለገ በሳሙና አረፋ ይፈልግ፤ አረፋው በሚነፋበት ቦታ ጋዙ አለ። ይህን ትምህርት ቤት አላስተማረንም። የሸጠልንም አልነገረንም። «ቦምብ ነው» የሚለው ንግግር የዚህን ሁሉ ቦታ ያዘና ማወቅ የሚገባንን ነገር በፍርሃት ተካው።

ከሁሉ የሚያስቆጣኝ ግን «ሕዝባችን ለጋዝ አልበቃም» የሚለው ነው። ይህን የሚሉት ብዙ ጊዜ የተማሩ ሰዎች ናቸው። በቤሩት፣ በሪያድና በዱባይ ማድ ቤቶች ውስጥ ሲሊንደር የሚከፍተው፣ የሚዘጋው፣ ሲያልቅ የሚያስቀይረው ማን ነው? ከወሎ፣ ከጎጃም፣ ከአርሲና ከጅማ የሄዱ እህቶቻችን ናቸው። ከሰል ብቻ ከሚያውቅ ቤት ወጥተው በጥቂት ቀን ውስጥ ተምረውታል፤ ዕቃውን በየቀኑ የሚያይ ሰው ስላስተማራቸው ነው። ህንድ በ2016 እ.ኤ.አ. ኡጅዋላ የተባለ መርሐ ግብር ጀምራ እስከ 2019 ድረስ 80 ሚሊዮን ለሚሆኑ ድሃ ቤተሰቦች የሲሊንደር ጋዝ አስገብታለች፤ ብዙዎቹ እስከዚያ ቀን በኩበትና በእንጨት የሚያበስሉ የገጠር ሴቶች ነበሩ። ብዙዎቹ ቤተሰቦች ሲሊንደሩን ደግመው ለማስሞላት አቅም ማጣታቸው የመርሐ ግብሩ እውነተኛ ችግር ሆኗል። ያልበቁት ግን ለዋጋው ነው እንጂ ለዕውቀቱ አይደለም። እዚያ አገር ሲሊንደር የሚያደርሰው ሠራተኛ ደጅ ላይ መዝኖ፣ ቫልቩንም ፈትሾ ማስረከብ ግዴታው ነው። የኛ ሕዝብ ያነሰው ምንድን ነው? አእምሮ ነው ወይስ ሚዛን?

ሲሊንደር ራሱ የሚፈነዳበት ጊዜ ፈጽሞ የለም አልልም። አለ። በእሳት ተከቦ ከቆየ፣ ከልክ በላይ ከተሞላ፣ ወይም ዝገት ከበላው ብረቱም ይቀደዳል። ልብ በሉ፤ ከሦስቱ አንዱም የሲሊንደሩ ጠባይ አይደለም። ሁለቱ በቀጥታ የእኛ እጅ ሥራ ናቸው።

ስለ አሞላል እንነጋገር። ሲሊንደር ከ80 እስከ 85 በመቶ ብቻ ነው በፈሳሽ የሚሞላው፤ የቀረው ቦታ ባዶ የሚተወው ሻጩ ስለሰሰተ አይደለም። ፈሳሹ ሲሞቅ ይሰፋል፤ የሚሰፋበት ቦታ ካጣ ግፊቱ በየዲግሪው በፍጥነት ያሻቅባል። በትክክለኛው ማደያ ሲሊንደሩ ሚዛን ላይ ቆሞ ነው የሚሞላው፤ የባዶ ክብደቱ በአንገቱ ላይ ተቀርጿል፣ በዚያ ላይ 12.5 ኪሎ ይጨመራል፣ አለቀ። በጓሮ የሚደረገው ግን ሌላ ነው። ትልቁን ሲሊንደር ገልብጠው ከትንሹ ጋር በጎማ ያገናኙታል፤ አልወርድ ሲል ትልቁን በፈላ ውሃ ያሞቁታል፤ ትንሹ እንዲቀበል በውስጡ የቀረውን ጋዝ ወደ ክፍሉ ያስተነፍሱታል። ሚዛን የለም፤ ሞልቷል የሚባለው ጋዙ እንቢ ሲል ነው። ጧት በብርድ እስከ አንገቱ የሞላችው ትንሽ ሲሊንደር ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ያገኛታል።

«ምን እናድርግ፣ ከዋናው ማደያ ጋዝ ይጠፋል፤ የጓሮው ግን ሁልጊዜ አለ፣ በቅናሽም በትንሹም ይሸጥልናል» የሚለውን መልስ ሰምቼዋለሁ። ጋዝ መጥፋቱ እውነት ነው፤ 12 ኪሎ በአንድ ጊዜ ለመግዛት አቅም የሌለው ሰው መኖሩም እውነት ነው። መፍትሔው ግን ሕጋዊ የሆነ ትንሽ ሲሊንደር በየሰፈሩ ማቅረብ ነው። የጓሮ አሞላል ወዴት እንደሚያደርስ ከጎረቤታችን አይተናል። ጥር 23 ቀን 2016 ዓ.ም. ሌሊት በናይሮቢ ኢምባካሲ ሰፈር ሰው ተጨናንቆ በሚኖርበት መሐል በነበረ ሕገ ወጥ የጋዝ ማደያ፣ ጋዝ የጫነ መኪና ፈንድቶ እሳቱ ቤቶችንና መጋዘን በላ። ሰዎች ሞቱ፤ ከ270 በላይ ተጎዱ። የኬንያ የኢነርጂ ተቆጣጣሪ ባለሥልጣን በማግስቱ ምን አለ? ለዚያ ቦታ የቀረቡትን የፈቃድ ማመልከቻዎች በመጋቢት፣ በሰኔና በሐምሌ 2015 ዓ.ም. ሦስት ጊዜ ውድቅ አድርጌያለሁ አለ። ወረቀቱ እምቢ ብሏል፤ ማደያው ግን ሥራውን ቀጥሏል። በዚያ ሌሊት የፈነዳው በአንዲት እናት ማድ ቤት ያለ ሲሊንደር አልነበረም። ሁሉም እያየው ዝም የተባለ ንግድ ነበር።

አሁን አሁን ደግሞ በከተማችን የበዙት የስፕሬይ ጣሳ የሚመስሉ ትንንሽ የቡቴን ቆርቆሮዎች አሉ። ለአንድ ጊዜ ብቻ የተሠሩ ናቸው፤ ግድግዳቸው ስስ ነው፣ ቫልቫቸውም ደጋግሞ ለመከፈት አልታሰበም። እነሱንም የሚሞላ ተገኝቷል። በአሜሪካ ያሉ ወገኖቻችን ለሽርሽር የሚገዟትን አንድ ጊዜ ብቻ የምታገለግል አረንጓዴ የፕሮፔን ሲሊንደር አገላብጠው ቢያነቡ፣ ደግሞ ሞልቶ ማጓጓዝ እስከ 500,000 ዶላርና አምስት ዓመት እስራት እንደሚያስቀጣ በላይዋ ተጽፎ ያገኙታል። ካሊፎርኒያ ደግሞ እንዲህ ያለችውን የምትጣል ሲሊንደር ሽያጭ ከ2028 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሕግ ከልክላለች፤ ከዚያ በኋላ ደግማ የምትሞላዋ ብቻ ትሸጣለች። እዚያ ያን ያህል የተፈራውን ነገር እዚህ ልጆች ለኪስ ገንዘብ ሲሠሩት ዝም እንላለን።

«ይህ ሲሊንደር ሃያ ዓመት ቤታችን ኖሯል፤ አንድም ቀን አስቸግሮን አያውቅም» የሚል ደግሞ አለ። ሃያ ዓመት መኖሩ ስጋቱ ነው እንጂ ማስረጃው አይደለም። ብረት ከሥሩ፣ እርጥብ ሲሚንቶ ከሚነካው ቀለበት ጀምሮ ይዝጋል፤ ገልብጦ ያየው ሰው ግን የለም። ሲሊንደር በየተወሰነ ዓመት በውሃ ግፊት ተፈትኖ ማኅተም ይመታበታል። ህንድ ውስጥ የሚቀጥለው ምርመራ የሚደርስበት ሩብ ዓመት በፊደልና በቁጥር በአንገቱ ላይ በትልቁ ይጻፋል፤ ማንበብ የማይችል ሰው እንኳ ለልጁ አሳይቶ ያስነብባል። እኛስ ሲሊንደር ስንቀይር የምናየው ምኑን ነው? ቀለሙን ነው። ቀለም ደግሞ ዝገትን ይሸፍናል።

ወደ መጨረሻው ልምጣ፤ በአገራችን ሲነሣ ያልሰማሁት ጉዳይ ነው። ያረጀ ሲሊንደር የት ይሄዳል? ቆራሌው ይገዛዋል። ከቆራሌው ወደ መርካቶ ብረት ተራዎች ይሄዳል፤ እዚያ ተቆርጦ ምድጃ ወይም ማጠራቀሚያ ይሆናል። «ባዶ ነው» ተብሎ ነው የሚቆረጠው። ባዶ ግን አይደለም። የመጨረሻው ነበልባል ከጠፋ በኋላም በውስጡ ጋዝ ይቀራል። ቫልቩ ክፍት ሆኖ ሲቆይ ወይም ሲነቀል አየር ይገባበታል፤ አየሩ ከቀረው ጋዝ ጋር ይቀላቀላል። ያን ጊዜ ግራይንደር ወይም ብየዳ ቢነካውስ? ሙሉው ሲሊንደር ውስጥ አየር ስለሌለ ከውስጥ አይቀጣጠልም ብያለሁ፤ ይኸኛው ግን አየርም ጋዝም በአንድ ላይ በተዘጋ ብረት ውስጥ ይዟል። እውነተኛው ቦምብ ይህ ነው፤ ማድ ቤት ውስጥ ሳይሆን በአንድ ወጣት ሠራተኛ ጉልበቶች መካከል ነው ያለው። ሙሉውን ፈርተን «ባዶውን» በኪሎ ሸጥን። ያ ወጣት ቢጎዳ «ሲሊንደር ፈነዳበት» እንላለን፤ የሸጠለት እጅ የማን እንደሆነ አንጠይቅም። ትንንሾቹም ጣሳዎች ከቆሻሻ ጋር ተጥለው በየጓሮው ይቃጠላሉ፤ እሳቱን ከብበው የሚሞቁት ብዙ ጊዜ ልጆች ናቸው።

ሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፣ ከእንግዲህ ጋዝ ምን ያደርጋል የሚል ክርክርም አለ። መብራት በየቤቱ ሳይቆራረጥ ቢደርስ ከማንም በፊት ደስ የሚለኝ እኔ ነኝ። እስከዚያ ድረስ ግን ሰው ዛሬ ማታ ራቱን ማብሰል አለበት፤ በከተማችን ያሉት ሲሊንደሮችም ግድቡ ስለተመረቀ ከየቤቱ አልወጡም። ወደ መብራት የምንሄድ ከሆነ እንዲያውም አሮጌዎቹ ሲሊንደሮች በብዛት ወደ ቆራሌ ስለሚፈስሱ ጥያቄው ይበልጥ ይጠነክራል።

«የመጣው አይቀርም» የሚለውን የመጨረሻ መሸሸጊያ ግን አልቀበልም። የተሰነጠቀ ጎማ የእግዚአብሔር ቁጣ አይደለም። ሚዛን የሌለው ማደያ ዕጣ ፈንታ አይደለም። እነዚህን ነገሮች ሰው ሠርቷቸዋል፤ ሰው ያስተካክላቸዋል። ሳይቃጠል በቅጠል የሚል ሕዝብ ከተቃጠለ በኋላ ብቻ መነጋገር አይገባውም።

ስለዚህ ከጋዝ አቅራቢ ኩባንያዎች፣ ከነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣንና ከደረጃዎች ኢንስቲትዩት የምንጠይቀው ግልጽ ነው። ሲሊንደር በሚሸጥበት በእያንዳንዱ ቦታ ሚዛን ይኑር። ያለ ትክክለኛ ጎማና ማሰሪያ ሲሊንደር ለአዲስ ደንበኛ አይሸጥ። የሚቀጥለው ምርመራ ቀን በአማርኛና በየክልሉ ቋንቋ በትልቁ ይጻፍ። ያረጀውን ሲሊንደር ኩባንያው ራሱ ከቆራሌው በተሻለ ዋጋ መልሶ ይግዛው፤ ቆራሌውን የሚያሸንፍ ዋጋ ካልተከፈለ ሕግ ብቻውን አንድም ሲሊንደር አይመልስም። የጓሮ ማደያ ሲገኝ ይታሸግ፤ በቦታው ደግሞ ሕጋዊው ትንሽ ሲሊንደር በዚያው ሳምንት ይቅረብ፤ አለዚያ ማሸጉ ሌላ ጓሮ መክፈት ነው።

አከራዮች ሆይ፣ ክልከላችሁን አንሡና ግድግዳው ላይ ቀዳዳ ብሱ። ነጋዴዎች ሆይ፣ ሲሊንደር ስትሸጡ ሁለት ደቂቃ ወስዳችሁ አስረዱ። እናንተም ሲሊንደር ያላችሁ አንባቢዎች፣ ዛሬ ማታ ምድጃውን ከመለኮሳችሁ በፊት ጎማውን ከጫፍ እስከ ጫፍ በእጃችሁ ዳስሱት፤ በየመጋጠሚያው የሳሙና አረፋ ቀቡ። የተሰነጠቀ ካገኛችሁ ቫልቩን ዘግታችሁ በማግስቱ ቀይሩት፤ የቡናውንም ማንደጃ ወደ ሌላ ክፍል ወይም ወደ ደጅ አውጡት።